ባለ ስፒከሩ መምህር ደቻሳ

በዚህች አገር፣ ግቢው ጠበበም ሰፋም፣ «ዝናብ ዘነበ» ለማለት መጀመሪያ ዝናቡን ማዝነብ ያለበት አንድ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት የለም። ጠመኔ ያስነጥሰዋል፤ ጥቁር ሰሌዳ ሲያይ ያዛጋዋል። ቦርሳው ውስጥ ከመጽሐፍ ገመድ ይበዛል፤ ከገመዶቹም የሚፈልገው ሁልጊዜ ከታች ያለውን ነው። «አንዴ ብቻ ታገሱኝ፤ እየከፈተ ነው!» ሲል ሃምሳ ተማሪ ትንፋሹን ይይዛል። በግድግዳ የሚዋሰነው መምህር ደግሞ ጆሮውን ይይዛል።

የሱሉልታ ድርሻ ደቻሳ ነው።

ክቡር መምህር ደቻሳ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ፣ እንዲሁም የአንድ ላፕቶፕ፣ የአንድ ያረጀ ፕሮጀክተርና የአንድ ግዙፍ ስፒከር አባወራ ነው። የእሱን ጣጣ ሁሉ የምትሸከመው ምክትል ርዕሰ መምህሯ ሬሐና ናት። ዋናው ርዕሰ መምህር ስብሰባ ላይ ናቸው። ዛሬ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ትናንትም ነበሩ፤ ለነገም ጥሪ ደርሷቸዋል። ስለዚህ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የተቆጣ ወላጅ፣ ከእንቅልፉ የባነነ የጎረቤት ሕፃን ሁሉ የሚመጣው ወደ ሬሐና ቢሮ ነው።

ሬሐና ያደገችው በአባቷ በሀሰኖ የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው። እዚያ ድስት ከድስት፣ ጭልፋ ከጭልፋ ጋር ይደረደራል፤ ዓይን ጨፍነው እጅ ቢሰዱ የፈለጉትን ያገኛሉ። ትምህርት ቤቱንም እንደዚያ ለማድረግ ስድስት ዓመት ደክማለች። ደቻሳን ግን የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደምታስቀምጠው እስከዛሬ አልተገለጠላትም።

ከስፒከሩ እንጀምር። አጎቱ ለሠርግ የሚያከራየው ነበር፤ አንድ ጎኑ ሲሰነጠቅ ለደቻሳ ሰጠው። ቁመቱ የሬሐና ትከሻ ላይ ይደርሳል። ሰኞ ሰኞ በባጃጅ ይመጣል፤ ስፒከሩ የኋላውን ወንበር ይዞ ደላደል ብሎ ይቀመጣል፣ ደቻሳ ከሾፌሩ ጎን በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ይጓዛል። አንድ የሚያዝያ ማለዳ ዝናብ ሲወርድ ጃኬቱን አውልቆ ለስፒከሩ አልብሶ፣ ራሱ ውሃ እያንጠባጠበ ግቢ ገባ።

«አንተ ሰው፣ ብርድ ይመታሃል እኮ!» አለችው ሬሐና።

«እኔ ብታመም ጤና ጣቢያ አለ፤ እሱ ቢታመም ማን አለው?» አለና ስፒከሩን በመሐረብ ያደራርቀው ጀመር።

የልብ ትምህርት በደረሰ ጊዜ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ገልጦ ማሳየት ለደቻሳ ነውር ነበር። ሜዳው ላይ ጠዋት ጠዋት ከሚሮጡት ልጆች አንዱን፣ ዳዲ የሚባለውን ሯጭ፣ ክፍል ድረስ ይዞት መጣ። ከጤና ጣቢያ በተዋሰው ማዳመጫ ላይ ትንሽ ማይክ አስሮ ደረቱ ላይ ለጠፈለትና ድምፁን እስከ ጣሪያው ለቀቀው። ድም! ድም! ድም! መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ቆርቆሮው ላይ የሰፈሩት እርግቦች አገር ለቀቁ። በአጠገቡ ባለው ክፍል ሒሳብ የሚያስተምረው ይገዙ ክፍልፋይ እያስረዳ ነበር። ተማሪዎቹ ክፍልፋዩን ትተው የዳዲን ልብ በአንድ ድምፅ መቁጠር ጀመሩ። ይገዙ ጠመኔውን እንደያዘ በሩን በርግዶ ገባ።

«ሰማህ ወይ ደቻሳ! ወይ ልቡን ቀንስልኝ፣ ወይ ክፍል ቀይሩልኝ!»

«ጋሼ ይገዙ፣ እንዴት ያለ ጥሩ ሰዓት መጡ!» አለ ደቻሳ ደስታው ገንፍሎ። ሰውየው ቁጣውን ሳይጨርስ ማይኩ ደረቱ ላይ ነበር። አረፍ ብሎ የቆየው ሯጭ ልቡ በደቂቃ ሃምሳ ሁለት ጊዜ መትቶ ነበር፤ የይገዙ መቶ አሥራ ስምንት ሆነ።

«አቁሜዋለሁ!» አለ ደቻሳ ድምፁን ዘግቶ። «ለምን በለጠ?»

«ስለተናደዱ!» አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

ይገዙ ራሱ ሳቀ፤ ሬሐና ዘንድ ሄዶ መክሰሱን ግን አልተወም።

ድምፅ እንዴት እንደሚጓዝ ያስተማረ ዕለት የሆነውንማ ሬሐና ለማንም አታወራም። የሚኒባስ ረዳት «ጫንጮ! ጫንጮ! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጣራ በስልኩ ቀድቶ፣ ስፒከሩን ግቢው መሃል ገትሮ ለቀቀው። ተማሪዎቹ በየርቀቱ ቆመው የሰሙትን ይጽፋሉ። ተማሪዎቹስ ጻፉ። የወተት ጣሳ የያዙ ሦስት እናቶች ግን በበሩ ዘልቀው «መኪናው የታለ?» አሉ። አንደኛዋ «ሁለት ሰው ብላችሁ ጠርታችሁን!» እያሉ ሬሐናን ቢሮዋ ድረስ ተከትለው ተቆጧት፤ እሷም ይቅርታ ጠይቃ ራሷ መኪና ተራ ድረስ ሸኘቻቸው።

መብራት ሲጠፋስ? መብራት ሲጠፋ ደቻሳ ራሱ ቪዲዮ ይሆናል። ባለፈው ዓመት እሳተ ገሞራ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሲፈነዳ ሱሪውም አብሮ ፈነዳ፤ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አስተማረ።

የዚህ ሁሉ አባዜ ሥሩ ሌላ ቦታ ነው። ደቻሳ ሁለተኛ ደረጃ የተማረው በፕላዝማ ዘመን ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተማሪው ገና አፉን ሲከፍት ራሱ ይመልስና ወደሚቀጥለው ይነጉዳል። «አራት ዓመት ሙሉ እጄን አወጣሁ፤ ማንም አላየኝም» ይላል ደቻሳ፤ ሳይስቅ የሚያወራው ነገር ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ ክፍል ውስጥ ፊልም ከሁለት ደቂቃ በላይ አይሮጥም። ጣቱ ትወርድና «አቁሜዋለሁ! ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ይላል። እጅ ያወጣ ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ፊልሙ ላይ ያለው አቦሸማኔ በዝላዩ መሃል አየር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃል።

ወላጅ ግን የልጁን እጅ መውጣት ቤቱ ሆኖ አያይም። የሚያየው ደብተር ነው። ደብተር ከሞላ ልጅ ተማረ፤ ካልሞላ ዋለለ።

ኦቦ ዲሪርሳ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። አርባ ዓመት ላም ያረቡ፣ ጋቢያቸው የማይዛነፍ፣ አንዴ የተናገሩትን የማይደግሙ ሽማግሌ። አንድ ሰኞ የልጅ ልጃቸውን የጂጂን ሁለት ደብተሮች ይዘው መጡና የሬሐና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አኖሯቸው።

«አካም ቡልቴ ሬሐና? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ባዶና ሙሉ ግን እለያለሁ። ይሄ የሒሳብ ነው፤ ሞልቷል። ይሄ የደቻሳ ነው፤ ከመስከረም ወዲህ አሥር ገጽ! ልጄን የላክኋት ትምህርት ቤት ነው ወይስ ቪዲዮ ቤት?»

«ኦቦ ዲሪርሳ፣ ልጆቹ እኮ በጣም ይወዱታል።»

«ስኳርም ይወዳሉ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ደቻሳ ፊውዝ ባቃጠለባት ቁጥር ሬሐናም ይህንኑ አስባለች። ሽማግሌው ይዘውት ከመጡት አቤቱታ ሥር ደግሞ አርባ ፊርማ ነበረበት። ተነጋግረው አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው መጥቶ የደቻሳን ትምህርት ቁጭ ብሎ ያያል። ካልጣመው ላፕቶፑም ፕሮጀክተሩም ስፒከሩም ዕቃ ግምጃ ቤት ይቆለፍባቸዋል፤ መምህሩም እንደ ሰው በጠመኔ ያስተምራል።

ይህንኑ ለደቻሳ ነገረችው።

«በጠመኔ ብቻ?» አለ። «ወይዘሮ ሬሐና፣ እኔ እኮ ስጽፍ ለልጆቹ የምሰጣቸው ጀርባዬን ነው። ፊታቸውን ካላየሁ የገባውንና ያልገባውን በምን አውቃለሁ?»

አሳዘናት። ግን ፊርማው አርባ ነው።

አሁን የደቻሳ ጭንቀት ብርሃን ሆነ። ክፍሉ መጋረጃ የለውም፤ የጠዋቷ ፀሐይ ደግሞ የፕሮጀክተሩን ሥዕል ድራሹን ታጠፋዋለች። ሽማግሌዎቹ ሥዕሉ የሚያርፍበትን አንሶላ ባዶውን አይተው ከሄዱ አለቀለት። ረቡዕ ከሰዓት መላ መጣለት፤ መላ የመጣለት ሰው ደግሞ ማንንም አያማክርም። በቀጥታ የዕድሩን ንብረት ወደሚጠብቀው ወደ የህያ ሄደ።

«ድንኳኑን ፈልጌ ነበር፤ ለነገ ጠዋት፣ ለትምህርት ቤት» አለው።

የህያ ጨዋ ሰው ነው። የዕድር ድንኳን ፈልጎ የመጣን ሰው ማን ሞተብህ ብሎ አፍጥጦ አይጠይቅም። «አላህ ጽናቱን ይስጣችሁ» አለው አንገቱን ደፍቶ።

ደቻሳ በሐሳቡ ገመድ እየቆጠረ ነበር። «አሜን፣ አሜን። ውስጡ ግን በደንብ ይጨልማል አይደል?»

የህያ፣ ሐዘን የመታው ሰው የማይለው የለም ብሎ አለፈው። ድንኳኑን ከነምሰሶው፣ አግዳሚ ወንበሮቹንም ጨምሮ አስረከበና ግዴታውን ሊወጣ ወደ ዕድሩ ጥሩምባ ነፊ አመራ። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ፤ «ትምህርት ቤት ሐዘን አለ፣ ያልሰማህ ስማ!» የሟች ስም አልተጠራም። ሕዝቡ ግን ራሱ አስቦ ደረሰበት፤ ርዕሰ መምህሩ በዓይን ከታዩ ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል።

ሐሙስ ጠዋት ሬሐና በበሩ ስትገባ አረንጓዴው ድንኳን ግቢው መሃል ተተክሎ አየችና ባለችበት ቆመች። «ያ ረቢ፣ ማን ነው?» አለች። ከድንኳኑ ውስጥ «አንዴ ብቻ ታገሱኝ፤ እየከፈተ ነው!» የሚል ድምፅ ሲመጣ ድንጋጤዋ ለቀቃት፤ በእሱ ፈንታ ደሟ ፈላ። ሮጣ ልትገባ ስትል ከኋላዋ በበሩ ሰው ጎረፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከፊት የመጡት እማማ ወርቅቱ ናቸው፤ በለቅሶ ላይ ግጥም በማውረድ እስከ ጫንጮ ድረስ የሚታወቁ። ልክ እሳቸው ድንኳኑ ደጃፍ ሲደርሱ ደቻሳ ስፒከሩን ለቀቀው።

የዕለቱ ርዕስ «አጥቢ እንስሳት» ነበር፤ የተመረጠችውም ዓሣ ነባሪ። ዓሣ ነባሪ ከባሕር ሥር የምታሰማው ድምፅ ከሆድ የሚወጣ ረጅም መቃተት ነው። ያ ድምፅ በሠርግ ስፒከር ሲወጣ ምሰሶዎቹ ራሳቸው ያለቀሱ መሰለ።

«ዋይ! ይኸው ቤተሰቡ እያቃሰተ!» አሉ እማማ ወርቅቱ ደረታቸውን መትተው። «ዋይ ርዕሰ መምህሬ! ስብሰባ እንዳሉ የቀሩት!»

ሕዝቡ ተቀበላቸው። የሬሐና ስልክ ጠራ። ርዕሰ መምህሩ ነበሩ፤ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት።

«ሬሐና፣ ሰው እየደወለ ባለቤቴን ያጽናናል። የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

«አይደሉም፤ ብቅ ቢሉ ግን ጥሩ ነበር።»

«ስብሰባው ሲያልቅ» አሉና ዘጉ።

በዚህ መሃል ኦቦ ዲሪርሳ ከአራት የኮሚቴ አባላት ጋር ደረሱ። ድንኳኑን አይተው ቆባቸውን አወለቁ፣ ወደ ሬሐና ቀርበው ትከሻዋን ያዙ። «ጽኚ ልጄ። የሁላችንም መንገድ ነው።»

«ኦቦ ዲሪርሳ፣ የሞተ ሰው የለም።»

ሽማግሌው ድንኳኑን አዩ፤ ከዚያ ለቀስተኛውን፤ ከዚያ እሷን። «ታዲያ እንዲህ የሚያቃስተው ማን ነው?»

«ዓሣ ነባሪ ናት።»

«ዲሲ፣ ተይው» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። «ኮሚቴው የመጣበትን ይሥራ።» ጎንበስ ብለው ገቡ። ሬሐና የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ጨበጠችው። የዛሬውን ቀን ስትመኝ ኖራለች፤ አሁን ግን ቁልፉን ማውጣት አልፈለገችም፣ ለምን እንደሆነም አልገባትም።

ለቅሶ የመጣ ሰው ደግሞ ቁጭ ሳይል አይመለስም። ሟች እንደሌለ እየተነገራቸውም እግራቸው የለመደውን አደረገ፤ ተራ በተራ ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሃምሳ ሁለት ተማሪ፣ ከዚያ የሚበልጥ ለቀስተኛ፣ ከፊት ደግሞ ኮሚቴው። ደቻሳ ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ ፊቱ አመድ ለበሰ። ፊልሙን ለማጥፋት እንኳ አላሰበም፤ ፊልሙም ሄደ።

አንሶላው ላይ አንዲት እናት ዓሣ ነባሪ የሞተ ግልገሏን በአፍንጫዋ ደግፋ ውሃው ላይ ትገፋዋለች። ሲሰምጥባት ጠልቃ ታወጣዋለች። እንደገና ይሰምጣል፤ እንደገና ታወጣዋለች። የደቻሳ ጣት በልማዷ ወረደች።

«አቁሜዋለሁ» አለ። «ምን እያደረገች ነው?»

ከተማሪዎቹ በፊት እማማ ወርቅቱ መለሱ። «ልጄን አላስቀብርም ብላ ነዋ!» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሊያለቅስ መጥቶ የሚያለቅስለት ያጣ ሕዝብ ሁሉ አሁን አገኘ። እዚያም እዚያም ከንፈር ተመጠጠ።

«ስንት ቀን ተሸከመችው?» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ ከፊት ወንበር።

ደቻሳ ሊመልስ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከኋላ እጅ ወጥቶ ነበር። የጂጂ እጅ ነው። ይህቺ ልጅ በዓመቱ መጀመሪያ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ጓደኛዋን የምትወክል ነበረች።

«አሥራ ሰባት ቀን፣ አባባ። ትናንት አንብበናል።»

«አሥራ ሰባት ቀን! ብቻዋን? ዕድር የላትም?»

«ሌሎቹ አብረዋት ይዋኛሉ።»

ኦቦ ዲሪርሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው አላት» አሉ። ድንኳኑም «አላት፣ አላት» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ትምህርት ለማለትም፣ የወረዳ ጉባኤ ለማለትም ይቻላል። ደቻሳ «ዓሣ ናት ወይስ አጥቢ?» ሲል ድንኳኑ ለሁለት ተከፈለ። ውሃ ውስጥ የሚኖር ሁሉ ዓሣ ነው ያሉ ከኋላ ተነሱ፤ ዓሣ ልጁን እንዲህ አይሸከምም ያሉ ሴቶች ከፊት መለሱላቸው። ታጠባለች የሚለው ነገር ሲነሳ ኦቦ ዲሪርሳ እጃቸውን አወጡ። እኚህ ሰው በሕይወታቸው ለማንም እጅ አውጥተው አያውቁም፤ ሲናገሩ ሌላው ነው ዝም የሚለው።

«ወተት የማውቀው እኔ ነኝ። ውሃ ውስጥ እንዴት ይጠባል? ወተቱ ፈስሶ አይቀርም?»

አሁንም ጂጂ ተነሳች። «ቀጭን አይደለም አባባ። ወተቷ እንደ ለጋ ቅቤ ወፍራም ነው፤ ግልገሉ አፍ ውስጥ ትረጨዋለች።»

«በቀን ስንት ሊትር?»

«ትልቋ ዓሣ ነባሪ ሁለት መቶ ሊትር ገደማ» አለ ደቻሳ።

ድንኳኑ ውስጥ ላም ያለው ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ኦቦ ዲሪርሳ ቆባቸው እጃቸው ላይ መሆኑን ረስተው ሊያወልቁት ራሳቸውን ዳሰሱ። «ዋቃዮ!» አሉ ቀስ ብለው። «ምን አብልተዋት ነው?»

ሦስት ሰዓት የተጀመረው ትምህርት ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ። ያለቀውም ቀጣዩ ፈረቃ ስለመጣ እንጂ ጥያቄ ስላለቀ አልነበረም። ስለ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ ያነሳ የለም። ኦቦ ዲሪርሳ ሲወጡ ደቻሳ ዘንድ ቆም አሉ።

«ሰውየው፣ ደብተሩ ላይ ግን አጽፋቸው። በተለይ ያቺን ሁለት መቶ ሊትር። ወንድሜ አያምነኝም።»

ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ቡራዩም ሰበታም ደረሰ። ሰበታ ሲደርስ ዓሣ ነባሪዋ ድንኳኑ ውስጥ በአካል ነበረች ተብሏል። በሦስተኛው ሳምንት ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለሬሐና ደብዳቤ መጣ። መምህር ደቻሳ በማስተማር ዘዴው ላሳየው ልዩ ብቃት ቡራዩ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ሞዴል ትምህርት ቤት እንዲዛወር ታስቧል። እዚያ ጥቁር መጋረጃ ያለው ክፍል አለ፤ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን አለ፤ ጄኔሬተርም አለ። ትምህርት ቤቱ አስተያየት ካለው በአሥር ቀን ውስጥ ያቅርብ ይላል።

ሬሐና ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከእንግዲህ ፊውዝ አይቃጠልም። ይገዙ ክፍልፋዩን በሰላም ያካፍላል። ሁሉም ነገር በየመደርደሪያው ይሆናል። ከፋት። እንዲያውም በጣም ከፋት፤ በሯን ዘግታ ለብቻዋ ተቀመጠች።

ደቻሳን አስጠርታ ስታስነብበው እሱም አልፈነጠዘም።

«ደስ አላለህም?»

«ስክሪኑስ ደስ ይላል» አለ ደቻሳ መሬት መሬቱን እያየ። «ግን ጂጂ እጇን ማውጣት የጀመረችው ገና አሁን ነው። ሌላ መምህር ሲመጣ መልሳ ታስገባዋለች። ከበላይ የመጣን ነገር ደግሞ እንዴት እምቢ ይባላል?»

በማግሥቱ ኦቦ ዲሪርሳ ሳይጠሩ መጡ፤ ጂጂ ቤት ገብታ አልቅሳ ነግራቸዋለች።

«የሚወስዱት ጎበዝ ነው ብለው ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲያው አይደለም በያቸው። ክስ እንጻፍ።»

«ኦቦ ዲሪርሳ፣ እኔ ውሸት አልጽፍም!»

«ውሸት ጻፊ ማን አለሽ? የሠራውን ጻፊ።»

ሬሐና ትንሽ አሰበች። ከዚያ ደቻሳን ዳግመኛ አስጠራችውና «ስምህን ላጠፋ ነው፤ ትፈቅድልኛለህ?» አለችው።

«እስከምን ድረስ?»

«እስከ ጣሪያው።»

ደቻሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስፒከሩ ሌላ አንድ ነገር አቅፎ ሊስም ሲል በመሃላቸው ያለው ጠረጴዛ ሬሐናን አዳናት።

ሬሐና ያን ዕለት የጻፈችውን የመሰለ አቤቱታ ያ ቢሮ አይቶ አያውቅም። መምህሩ በአንድ ዓመት አራት ፊውዝ ማቃጠሉን ጻፈች። የሒሳብ መምህርን ልብ ያለ ፈቃዳቸው በአደባባይ ማሰማቱን፣ ተሳፋሪዎችን በሌለ መኪና ማንገላታቱን፣ በሥራ ሰዓት ሱሪው መቀደዱን ጻፈች። የዕድር ንብረት ከዓላማው ውጭ መጠቀሙን፣ በሕይወት ያሉ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲለቀስላቸው ማድረጉን ጻፈች። አንድም ሐሰት የለበትም። ይገዙ ሮጦ መጥቶ ፈረመ። የህያ ፈረመ። እማማ ወርቅቱ «ያለ ሬሳ ያስለቀሰን በሉ» ብለው ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ በሻይ ዕረፍት ብቅ ብለው ፈርመው ተመለሱ።

ሬሐና ለሽማግሌው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችላቸው። አቦሸማኔው በስንተኛው ዝላይ ላይ እንደቆመ፣ የትኛው ልጅ ምን ብሎ እንደመለሰ፣ እሳተ ገሞራው ከመፈንዳቱ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳሰማ፣ ሁሉም ገብቷል። ኦቦ ዲሪርሳ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅሽው? ክፍሉ ውስጥ ነበርሽ እንዴ?»

«በመስኮቱ በኩል… ሳልፍ ነው።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ስታልፊ?»

ሬሐና ማኅተሙን ስታጠቅስ ጎንበስ አለች፤ ከሚገባውም በላይ ቆየች።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። የቀረበው አቤቱታ ከባድና ዝርዝር በመሆኑ ዝውውሩ ተሰርዟል። መምህሩ ባለበት ሆኖ በምክትል ርዕሰ መምህሯ የቅርብ ክትትል እንዲደረግበት ታዟል። ሬሐና ደብዳቤውን ይዛ ራሷ ወደ ሰባተኛ ክፍል ሄደች። ደቻሳ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ገመድ ይፈታ ነበር። ቆሞ አነበበውና ሳቁን ዋጥ አድርጎ አያት።

«የቅርብ ክትትል ማለት ምን ማለት ነው፣ ወይዘሮ ሬሐና?»

«ከሰኞ ጀምሮ ትምህርትህ ላይ ገብቼ እቀመጣለሁ ማለት ነው» አለች ኮስተር ብላ። «የፊት ወንበር ያዝልኝ። በመስኮቱ በኩል አንሶላው የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው።»